ናይት ሞድ ወይስ ፕሮ ሞድ? የጣናን ሌሊት በስልክ ለማንሳት

የሰሜን ዋልታ ብርሃን ባሕር ዳር አይታይም። ግን በመጋቢት መጨረሻ፣ ጨረቃ በሌለችበት፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ዘጌ ዳር ቆማችሁ ቀና ብትሉ ፍኖተ ሐሊብን (ሚልኪ ዌይን) ታያላችሁ። እንዴት ደስ እንደሚል!

ወጪ፦ ናይት ሞድ (ስልኩ ራሱ የሚያስተካክለው የሌሊት ማንሻ) ምንም አይጠይቅም። ለፕሮ ሞድ (ሁሉን ራሳችሁ የምታስተካክሉበት) ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ቢኖር ጥሩ ነው፣ ከሌለም ስልኩን ድንጋይ ላይ አስደግፉት። የአይፎን ካሜራ ፕሮ ሞድ ስለሌለው ሌላ አፕ ይጫናል።

ቅለት፦ ናይት ሞድ ላይ መንካት ብቻ ነው። ስልኩ ራሱ ብዙ ፎቶ አንስቶ ያዋህዳል፣ በእጅ ይዛችሁትም ቢሆን የዳሩን ዛፍና ታንኳ ደህና አድርጎ ያወጣል፣ ከዋክብቱን ግን አንዳንዴ ጉድፍ መስለውት ያጠፋቸዋል፤ እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ፕሮ ሞድ ላይ ሁሉም በእጃችሁ ነው፦ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 1600 ወይም 3200፣ ሹተር (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) ከ10 እስከ 20 ሰከንድ፣ ፎከስ በማኑዋል እስከ መጨረሻው ርቀት፣ ሰልፍ ታይመር (ከተነካ በኋላ ቆይቶ እንዲያነሳ) 3 ሰከንድ።

ስጋት፦ በፕሮ ሞድ ትንሽ ንቅናቄ ፎቶውን ታበላሻለች። ጀልባ ላይ ሆናችሁ አትሞክሩት።

ከቤተሰብ ጋር ሐይቁ ዳር ለምታመሹ ናይት ሞድ ይበቃል። ለከዋክብት ብላችሁ ሌሊት ለምትነሱ ፕሮ ሞድ። ኖርዌይ ወይም ስዊድን ያላችሁ ወገኖችም ፕሮ ሞድ ያዙ፣ ግን ሹተሩን አሳጥሩት፤ የሰሜን ዋልታ ብርሃን እንቅስቃሴው ሲፈጥን ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ካላደረጋችሁት መጋረጃ የመሰለው ቅርጹ ይደበዝዛል።