ስምንት ወር ከትንሿ የእንፋሎት ትራክተር ጋር

እህቴ ለፋሲካ ከእንግሊዝ ስትመጣ በፎጣ ጠቅልላ ያመጣችልኝ ዕቃ ይኸው ስምንት ወር ሞላው። በእውነተኛ እንፋሎት የምትሄድ ትንሽ ትራክተር ናት። ርዝመቷ ከአንድ ስንዝር ትንሽ ይበልጣል። የነሐስ ቦይለር (ውሃው የሚፈላበት ዕቃ)፣ አንድ ሲሊንደር፣ ትልቅ ቮላኖ (ዙሩን የሚጠብቅ ከባድ መንኮራኩር)፣ ከኋላ ሁለት ሰፋፊ ጎማዎች፣ ከፊት በሰንሰለት የሚዞር መሪ አላት። ባትሪ የላትም። ውሃ ትሞላላችሁ፣ እሳት ትለኩሳላችሁ፣ ትሄዳለች።

እኔ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ለክፍል ማሳያ ብዬ ነበር ያስመጣኋት። አሁን ግን ከሁሉም በላይ የአባዬ ሆናለች። አባዬ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ የቦይለር ሠራተኛ ሆኖ ነው ጡረታ የወጣው። የሸንኮራ ገለባ እያነደደ፣ ሌሊትና ቀን በፈረቃ፣ ዕድሜውን እንፋሎት ሲጠብቅ ኖሯል። ፎጣው ሲፈታ ጎማዋን አላየም፤ መሪዋንም አላየም። ቦይለሯ ላይ ያለችውን ሴፍቲ ቫልቭ፣ ግፊት ሲበዛ እንፋሎት የምታስወጣውን፣ በጣቱ ሳብ አድርጎ ስፕሪንጓ መመለሷን አረጋገጠ። «ይቺ ከሠራች ሌላው ይደርሳል» አለ።

ጎረቤት ያያት ሁሉ «ባቡር» ይላታል። ትክክል ናቸው። ባቡር የሚለው ቃል ራሱ እንፋሎት ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ተነሥቶ በአረብኛ በኩል የደረሰን ነው። በምኒልክ ዘመን አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው መንገድ መዳመጫም ሐዲድ አልነበረውም፤ ሕዝቡ ግን «የሰርኪስ ባቡር» አለው። የእኔዋ የዚያ ዘር ናት።

ወደ ልምዴ ልግባ። የመጀመሪያው ችግር ነዳጅ ነው። የተሠራችው ለነጫጭ የነዳጅ ኪኒኖች ነው። እነሱ ደግሞ ተቀጣጣይ ስለሆኑ በአውሮፕላን ሻንጣ አይገቡም። አዳማ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። ስለዚህ ከቆርቆሮ ትንሽ የስፒሪት (የሚነድ አልኮል) ማንደጃ ሠራሁ። በጣም ጥሩ ነደደ። ስሕተቴም እዚያው ላይ ነው።

ኪኒኖቹ መጠናቸው በዘፈቀደ አልወጣም። እሳቱ ከውሃው ቀድሞ እንዲያልቅ ተለክተው ነው። አንድ ሙሌት ውሃ ሳይደርቅ ኪኒኑ ይጠፋል። ያ የማሽኗ ትልቁ ጥበቃ ነው። እኔ ነዳጁን ስቀይር ጥበቃውን አፈረስኩት፤ ያንን ግን አላሰብኩም።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ በረንዳ ላይ እየነዳኋት ሳለ ፊሽካዋ ሰለለ። ቮላኖው ዘገየ፤ ቆመ። እኔ ነዳጅ ያለቀ መሰለኝ። ስፒሪት በፀሐይ ሲነድ ነበልባሉ አይታይም። ጎንበስ ስል የተቃጠለ ቀለም ሸተተኝ። ጆግ ይዤ ስሮጥ አባዬ ከወንበሩ ተነሥቶ ጮኸ፦ «ውሃ እንዳትጨምሪ!» ደርቆ የጋለ ቦይለር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቢገባ በአንዴ ወደ እንፋሎት ይቀየራል። ውሃ እንፋሎት ሲሆን ደግሞ 1,600 እጥፍ ገደማ ይሰፋል። ማንደጃውን በፒንሳ ስቤ በጣሳ ደፈንኩት። ከዚያ ለብዙ ሰዓት ማንም አልነካትም። አባዬ የዚያን ቀን አልተቆጣኝም። ማታ ግን እራት ላይ «የወንጂ ልጅ ሆነሽ!» ብሎ ዝም አለ። እስካሁን ያመኛል።

ስትቀዘቅዝ አንዱ መገጣጠሚያ ላይ ብየዳው ላልቶ ውሃ ያወጣ ነበር። ራዲያተር የሚሠራ ባለሙያ ጋ ወሰድኳት፤ በንጽሕና በየደልኝ። «በአየር ልሞክራት» ሲለኝ ግን አባዬ እምቢ አለ። ምክንያቱን ለተማሪዎቼም ነግሬያቸዋለሁ። አየር ሲታመቅ ጉልበት ያከማቻል። ዕቃው ከተሰነጠቀ ያ ጉልበት በአንዴ ይለቀቃል፣ ይበትነዋል። ውሃ ግን እምብዛም አይታመቅም፤ ስንጥቅ ካለ ጠብ ይላል እንጂ አይፈነዳም። ስለዚህ የቧንቧ ሠራተኞች መስመር የሚፈትሹበትን የእጅ ፓምፕ ተዋስን። መመሪያዋ ላይ የሥራ ግፊቷ 1.5 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ነው የሚለው። ቦይለሯን በቀዝቃዛ ውሃ ሞልተን፣ አየሩን አስወጥተን እስከ 3 ባር ወሰድናት። ጌጁን አሥር ደቂቃ ተመለከትነው። ንቅንቅ አላለም። አሮጌ የእንፋሎት ማሽን ከሰው የምትገዙ ከሆነ ይህን ፈተና ሳታደርጉ እሳት እንዳታቀርቡላት እለምናችኋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ስፒሪቱን በመርፌ ሲሪንጅ ነው የምለካው። መጀመሪያ ትንሽ ጨምሬ አነደድኩ፤ እሳቱ ሲጠፋ ስንት ውሃ እንደቀረ አየሁ። ቀስ በቀስ ጨምሬ፣ እሳቱ ሲያልቅ ሩብ ያህል ውሃ የሚተርፍበትን መጠን አገኘሁ። እዚያ ላይ ቆምኩ። እሳቱ እየነደደ ሳለ ስፒሪት አይጨመርም፤ ይህ በቤታችን ሕግ ነው።

ውሃውም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የቧንቧ ውሃችን ጀበናና ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጥለውን ነጭ ቅርፊት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ትንሽ ቦይለር ውስጥ ገብቶ የሚፋቅበት መንገድ የለም። ክረምቱን በሙሉ የዝናብ ውሃ በጨርቅ አጥልዬ ተጠቀምኩ። አሁን የተጣራ ውሃ እገዛለሁ። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። መለዋወጫ ሱቅ ሄዳችሁ «የባትሪ ውሃ» ብትሉ አንዳንዱ የሚሰጣችሁ አሲድ ነው። ጽሑፉን አንብቡ፣ ደግማችሁ ጠይቁ።

ዘይቷም ተራ የሞተር ዘይት አይደለም። አንድ ጊዜ ሞክሬ ሲሊንደሩ ቡናማ አረፋ ሞላ። ለእንፋሎት ሲሊንደር የሚሆን ወፍራም ዘይት እህቴ ላከችልኝ፤ ጥቂት ጠብታ ለአንድ ጉዞ ይበቃል።

አነዳዷስ? ትሄዳለች፣ ግን በራሷ መንገድ። ፍሬን የላትም። ለማቆም እንፋሎቱን ትዘጋላችሁ፣ ቮላኖው ግን ትንሽ ይገፋታል። መሪው ሰንሰለቱ ስለሚላላ ቶሎ አይመልስም፤ ግድግዳ ሳይደርስ አስቀድሞ ማዞር ያስፈልጋል። የአዳማ ንፋስ ደግሞ ሌላው ፈተና ነው። ከከተማችን ጥግ ያሉት ሁለቱ የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ ባለ 51 እና ባለ 153 ሜጋ ዋቱ፣ ያለ ምክንያት እዚህ አልተተከሉም። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ነበልባሉን ከቦይለሩ ሥር ጠርጎ ያወጣዋል። ስለዚህ የምነዳት ጧት ነው፤ ሲሚንቶ ላይ፣ ምንጣፍና ደረቅ ሣር በሌለበት። ቤት ውስጥ አልሞክረውም።

ልጆች ሁለት ሜትር ርቀው ይቆማሉ። ይህን ሲሰሙ ቅር ይላቸዋል፤ ስለዚህ ምክንያቱን እነግራቸዋለሁ። አዳማ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ 95 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በ1.5 ባር የተዘጋው የእሷ ውሃ ግን 125 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ከቫልቯ እንደወጣ ያለው እንፋሎት ደግሞ አይታይም። ነጩ ጉም የሚታየው ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ሲቀዘቅዝ ነው። የሚያቃጥለው ያ ባዶ የሚመስለው ቦታ ነው።

አንድ ተማሪዬ «ትልቁስ እንዲሁ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሥሩ አንድ ነው፤ እሳቱ ግን ይለያል። የእኔን ማንደጃ ስቤ አወጣዋለሁ። በድንጋይ ከሰል የሞላ ምድጃን ግን ማንም በአንዴ አያጠፋውም። ምድጃው ቦይለሩ ውስጥ ስለሆነ ጣሪያው ሁልጊዜ በውሃ መሸፈን አለበት፤ አለዚያ ብረቱ ግሎ ይደክማል። ትራክተሩ ቁልቁለት ሲወርድ ውሃው ወደ ፊት ይሸሻል፣ ከኋላ ያለው ጣሪያ ይራቆታል። ለዚህ ነው ነጂው ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት የውሃ መስተዋቱን (የውሃውን ልክ የሚያሳየውን መስታወት) የሚያየው። ጣሪያው ላይ እርሳስ የተሞላ ቡሎንም አለ፤ ውሃ ሲጎድል እርሳሱ ቀልጦ እንፋሎቱን እሳቱ ላይ ይለቃል። እሱም በቅርፊት ከተደፈነ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ሜዲና በሚባል ቦታ አንድ አሮጌ የእንፋሎት ትራክተር ፈንድቶ አምስት ሰዎች ሞተዋል። ውሃው ጎድሎ ነበር። ይህን ለአባዬ ስነግረው ረጅም ጊዜ መሬት መሬት አየ።

ልግዛ ወይ ለምትሉኝ፦ የምትቸኩሉ ከሆነ ይቅርባችሁ። አሥር ደቂቃ ለመንዳት ግማሽ ሰዓት ዝግጅት፣ ሌላ ግማሽ ሰዓት ማቀዝቀዝና ማጽዳት አለ። መለዋወጫ እዚህ የለም፤ የሴፍቲ ቫልቩን ጓርኒሲዮን ከውጭ ነው ያስመጣሁት። ሙቀት እንዴት ሥራ እንደሚሆን በዓይኑ ማየት ለሚፈልግ ግን እንደሷ ያለ አላየሁም። ሰሌዳ ላይ ዓመት ሙሉ ያስተማርኩትን ተማሪዎቼ በአሥር ደቂቃ ገባቸው።

ባለፈው እሑድ ለ32ኛ ጊዜ አነሣናት። የአባዬ ዓይን ደክሟል፤ የውሃ መስተዋቷን ማየት አይችልም። ልጄን አጠገቡ አስቀምጦ «ውሃው የት ነው?» አለው።

«ከግማሽ በላይ ነው፣ አያቴ።»

«ደግመህ እይ።»

ልጁ ጎንበስ ብሎ ደገመ። «ከግማሽ በላይ።»

«እንግዲያ ክብሪቱን ለእናትህ ስጣት።»