አሮጌ ኮርኒስ፦ ይነሳ ወይስ በላዩ ይሸፈን?

ደብረ ብርሃን ላይ አሮጌ ቤት የሚያድስ ሁሉ የሚጨነቅበት ነገር ነው። ያበጠውን፣ የሻከረውን የችፑድ ኮርኒስ ማንሳት ይሻላል ወይስ በላዩ ጂፕሰም ቦርድ መምታት?

መሸፈኑ ፈጣን ነው፣ አቧራውም ያንሳል። ግን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን፤ ሌሊት ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ የቤቱ እንፋሎት ከሥሩ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል፣ ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ እየሠራ ያበሰብሰዋል። ጂፕሰም ደግሞ ውሃ አይወድም። ክብደቱም የሚያርፈው እዚያው የድሮው ሞራሌ (ኮርኒሱ የተመታበት እንጨት) ላይ ነው።

እኔ ማንሳቱን ነው የምመክረው። ወጪው ይበዛል፣ አዎ። ግን ቆርቆሮው የተበሳበትን፣ ምስማሩ የላላበትን፣ አይጥ የሰፈረበትን በዓይናችሁ ታያላችሁ። ስታነሱ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ የስንት ዓመት አቧራ ነው የሚወርደው። መሸፈን የሚያዋጣው ጣሪያው የማያፈስ፣ ሞራሌውም ጠንካራ ከሆነ ብቻ ነው።