ከማውራት በፊት መስማት፦ የአርቲኤል-ኤስዲአር ቪ4 መቀበያ ስትፈተሽ

"አማተር ሬዲዮ ልጀምር ነው፤ የትኛውን የእጅ ሬዲዮ ልግዛ?" የሚለኝ ሰው አይጠፋም፤ ፈቃድ አውጥቶ ለራሱ ደስታ በሬዲዮ ከሰው ጋር ማውራት የሚፈልግ ማለት ነው። መልሴ ብዙ ጊዜ ፊት ያስጠቁራል። ለጊዜው ምንም የሚያወራ ዕቃ አትግዛ እላለሁ። መጀመሪያ ስማ። ለመስማት ደግሞ ይቺን ኪስ ውስጥ የምትገባ የዩኤስቢ መቀበያ ያዝ።

ምክንያት አለኝ። የእጅ ሬዲዮ ባመዛኙ የሚሠራው ዓይን በሚያየው ርቀት ነው። በአቅራቢያ ድምፅ ተቀብሎ የሚያሻግር ሪፒተር ከሌለ፣ ወይም ሪፒተሩ ኖሮ ሰው ከሌለበት፣ ጀማሪው "ሲኪው፣ ሲኪው" ብሎ፣ የሚሰማኝ ካለ ይመልስልኝ ሲል ይጣራና የሚሰማው ሹሹታ ብቻ ነው። ለአንድ ሰሞን ይሞክራል። ከዚያ ዕቃው መሳቢያ ይገባል፤ ጉጉቱም አብሮ። ለመስማት የተቀመጠ ሰው ግን የሚያወራለት አያጣም።

ዕቃዋ አርቲኤል-ኤስዲአር ቪ4 ትባላለች። አመጣጧ ራሱ ደስ ይላል። ውስጧ ያለው የሪያልቴክ ቺፕ የተሠራው ኮምፒውተር ላይ ዲጂታል ቴሌቪዥን ለማየት ነበር። 2012 ላይ ነገሩን የጎረጎሩ ፕሮግራመሮች ቺፑ ከአንቴና የመጣውን ሞገድ ጥሬውን ለኮምፒውተር ማቀበል እንደሚችል ደረሱበት። ከዚያ በኋላ የሬዲዮውን ሥራ የሚሠራው ሶፍትዌሩ ሆነ፤ ኤስዲአር የሚባለውም ይኸው ነው። ድሮ አንድ ጠረጴዛ የሚሞላ መሣሪያ የሚጠይቀው ነገር ዛሬ ዩኤስቢ ላይ ይሰካል። ቪ4 ከ500 ኪሎኸርዝ እስከ 1.7 ጊጋኸርዝ ገደማ ትሰማለች። አጭር ሞገድም አለ፣ የአውሮፕላን ሬዲዮም አለ፣ የሳተላይት ድምፅም አለ። ሰውነቷ ብረት ነው። ድግግሞሹን የምትጠብቅበት የውስጥ ሰዓቷ የአንድ ሚሊዮንኛ ያህል ብቻ ነው የሚዛነፈው፤ 145 ሜጋኸርዝ ላይ 145 ኸርዝ ማለት ነው። ቴሌቪዥን ለማየት ተብለው የሚሸጡት ዘመዶቿ በዚህ በኩል አይደርሱባትም። ሲሞቁ ድግግሞሹ እየሸሸ መከራ ያሳያል።

የመጀመሪያው ምሽት ግን ሶፍትዌር በመጫን እንደሚያልቅ ከወዲሁ እወቁት። ቪ4 የራሷን አዲስ ድራይቨር ትፈልጋለች። በአሮጌው ከሞከራችሁ ትበራለች፣ ሹሹታም ትሰማላችሁ፣ ጣቢያ ግን የለም። ዊንዶውስ ላይ ዛዲግ በምትባል ትንሽ ፕሮግራም ድራይቨሩን መቀየር ግድ ነው። ሊኑክስ ላይ ሲስተሙ የቴሌቪዥን ዕቃ ናት ብሎ ቀድሞ ይይዛታል፤ እንዲለቃት መንገር አለባችሁ። መመሪያውን ዘልሎ መሄድ የሚወድ ሰው እዚህ ጋ ይማረራል። ከዚያ በኋላ ኤስዲአር ፕላስ ፕላስ ወይም ኤስዲአር ሻርፕ የሚባለውን የመስሚያ ፕሮግራም ከፍታችሁ ማየት ትጀምራላችሁ።

ማየት ያልኩት ሆን ብዬ ነው። የዚች ዕቃ ትልቁ ነገር ሬዲዮን በዓይን ማሳየቷ ነው። ስክሪኑ ላይ ዋተርፎል የሚባል ምስል ከላይ ወደ ታች ይፈሳል። እያንዳንዱ ጣቢያ በያለበት ድግግሞሽ ላይ መስመር ይጥላል። ባንድ ጊዜ 2.4 ሜጋኸርዝ ስፋት ስለምታሳይ ለአማተሮች የተመደበው የ20 ሜትር ባንድ ሙሉው፣ ከ14.000 እስከ 14.350 ሜጋኸርዝ፣ ፊታችሁ ተዘርግቶ ይታያል። በግራ በኩል ቀጫጭን የተቆራረጡ መስመሮች አሉ፤ ሞርስ፣ በነጥብና በሰረዝ የሚላከው ፊደል፣ ናቸው። 14.074 ላይ አጥር የመሰለ ጥቅጥቅ ያለ ነገር አለ፤ ኤፍቲ8፣ ኮምፒውተሮች የሚለዋወጡት አጭር መልእክት፣ ነው። ወደ ቀኝ ስትሄዱ ወፈር ያሉ፣ ሲናገሩ የሚደምቁ ሲያርፉ የሚጠፉ ጥላዎች ታያላችሁ። እነሱ ሰዎች ናቸው።

አንዱን ጥላ ብትነኩት መጀመሪያ የምትሰሙት የዳክዬ ጫጫታ ነው። ይህ የነጠላ ጎን ድምፅ፣ ኤስኤስቢ የሚሉት ነው። አስተላላፊው ዋናውን ሞገድ አይልከውም፤ ድምፁን ብቻ፣ ያውም ግማሹን ጎን ነው የሚልከው። የጎደለውን መሙላት የእናንተ መቀበያ ሥራ ነው። 50 ኸርዝ ብትስቱ ድምፁ ይቀጥናል ወይም ይወፍራል። 300 ብትስቱ ቋንቋው ራሱ አይለይም። ድግግሞሹን በትንሽ በትንሹ ስታንቀሳቅሱ ጫጫታው ድንገት የሰው ድምፅ ይሆናል። ልማዱ ከ10 ሜጋኸርዝ በታች የታችኛውን ጎን፣ ከዚያ በላይ የላይኛውን መጠቀም ነው። ይህን ያነበበ ሰው ይረሳዋል፤ በጣቱ ያስተካከለ ግን አይረሳም። የፈቃድ ፈተና መጻሕፍት ላይ የሚያስፈራው ግማሹ ነገር እዚህ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይገባል።

የመስማት ችሎታውን ማሻሻል ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ከሁሉ በላይ የምወደው ቦታ 14.100 ነው። እዚህ ድግግሞሽ ላይ በዓለም ዙሪያ የተተከሉ 18 የመብራት ማማ ዓይነት ጣቢያዎች ተራ ገብተው ይልካሉ። ቢከን ይባላሉ። ለእያንዳንዱ 10 ሰከንድ ተመድቧል፣ ዙሩ በ3 ደቂቃ ይመለሳል። ጣቢያው መጀመሪያ የጥሪ ስሙን በሞርስ ይልካል፤ ከዚያ አራት ረጃጅም ድምፆች፣ እያንዳንዳቸው 1 ሰከንድ። የመጀመሪያው በ100 ዋት ነው፣ ሁለተኛው በ10፣ ሦስተኛው በ1፣ የመጨረሻው በ0.1 ዋት። የደቡብ አፍሪካው ይልካል፣ ወዲያው የኬንያው ይከተላል፣ ከዚያ የእስራኤሉ፣ ከዚያ የፊንላንዱ። ሰዓታችሁ በትክክል ከተሞላ ሞርስ ባትችሉም እንኳ ማን እንደሆነ ከተራው ታውቃላችሁ። አንዳንዴ አንዱ ጣቢያ ተበላሽቶ ተራው ባዶ ያልፋል፤ ያኔ አንቴናችሁን አትጠርጥሩ።

አሁን ልብ በሉ። አራቱንም ድምፅ ሰማችሁ ማለት 0.1 ዋት ከዚያ አገር እናንተ ጋ ደርሷል ማለት ነው። ማን ይሙት፣ መጀመሪያ የሰማሁት ቀን ከወንበሬ ተነስቻለሁ። አንዱን ብቻ ከሰማችሁ መንገዱ ጠቧል። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ እየመጣችሁ የትኛው አገር ስንት ድምፅ እንዳሰማ ወረቀት ላይ ብትጽፉ፣ አዮኖስፌር የሚሉት፣ አጭር ሞገድን ወደ ምድር የሚመልሰው ከበላያችን ያለው ንብርብር ፀሐይን ተከትሎ እንዴት እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ የራሳችሁ ሰንጠረዥ ይኖራችኋል። 20 ሜትር ቀን ላይ ደምቆ ማታ የሚሞትበት፣ የ40 እና የ80 ሜትር ባንዶች ፀሐይ ስትጠልቅ የሚነቁበት ምክንያት ከዚያ ይመጣል። "ዛሬ ባንዱ ሞቷል" የሚሉ ብዙ የቆዩ ሰዎች አውቃለሁ። ባንዱ አልሞተም፤ ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው የተከፈተው።

ሁለተኛው ትምህርት ቤት ግርግሩ ነው። ብርቅ ከሆነ ቦታ አንድ ጣቢያ ብቅ ሲል ሁሉም ባንዴ ይጠራዋል፤ ፓይልአፕ ይሉታል። ጣቢያው "አፕ" ይላል፦ እኔ እዚህ እናገራለሁ፣ እናንተ ከፍ ብላችሁ ጥሩኝ ማለቱ ነው። ተራ ሬዲዮ ያለው ጀማሪ ይህን ስለማያይ በጣቢያው ድምፅ ላይ ይጮሃል፣ ከየአቅጣጫው ይሰደባል። ዋተርፎል ላይ ግን ጣቢያው ለብቻው ይታያል፤ የሚጠሩት ከሱ በላይ 5 እና 10 ኪሎኸርዝ ላይ ተደርድረዋል። ጣቢያው አንድ ሰው ሲመልስ፣ ያ ሰው የቱ ጋ እንደነበር ትፈልጋላችሁ። ቀጥሎስ የቱን መለሰ? ትንሽ ቆይታችሁ ወደ ላይ እየወጣ መሆኑን፣ ወይም አንዱ ጥግ ላይ መቆየቱን ትደርሱበታላችሁ። ማስተላለፊያ የገዛችሁ ቀን የት ቆማችሁ መጥራት እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ ማለት ነው። ይህን ጥበብ ለማግኘት ሌላው ሰው ዓመታት ይለፋል።

ኤፍቲ8 ላይ ብዙ አልቆይም። ጆ ቴይለር፣ የ1993 የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚው፣ ከባልደረባው ስቲቭ ፍራንክ ጋር በ2017 ያወጣው ዘዴ ነው። በየ15 ሰከንዱ አጭር መልእክት ይለዋወጣል፤ ጆሮ ጨርሶ የማይለየውን ደካማ ድምፅ ሶፍትዌሩ ያነበዋል። ለቪ4 ባለቤት ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ ኮምፒውተሩን ከፍታችሁ ብታድሩ ጠዋት ከየት ከየት እንደሰማችሁ ዝርዝሩ ይጠብቃችኋል። አንቴና ስትቀይሩ ልዩነቱን ለመመዘን ግሩም ነው። የኮምፒውተሩ ሰዓት ግን ከ1 ሰከንድ በላይ ከተዛነፈ መልእክቶቹ ላይነበቡ ይችላሉ።

ሞርስ ለመማር ከሆነ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዋተርፎሉ ነጥብና ሰረዙን ቁልጭ አድርጎ ስለሚያሳይ ዓይን ማንበብ ይጀምራል። ያ ሞርስ መማር አይደለም። ስክሪኑን ሸፍኑት። በኮክ ዘዴ ከሁለት ፊደል ጀምራችሁ፣ ፊደሎቹን ከመጀመሪያው በሙሉ ፍጥነታቸው ስሙ፤ ከአሥሩ ዘጠኙን ስትይዙ አንድ ፊደል ጨምሩ። ቪ4 ለልምምድ የሚሆን የእውነት ሰው፣ እጁ የሚንቀጠቀጥም የሚያምርም፣ ታቀርብላችኋለች። መምህር ግን አይደለችም።

አብሯት የሚመጣው ተዘርጊ ዳይፖል፣ ባለ ሁለት ክንድ አንቴና፣ ለቪኤችኤፍ፣ ማለትም ከ30 እስከ 300 ሜጋኸርዝ ላለው፣ በቂ ነው። እያንዳንዱን ክንድ 49 ሴንቲ ሜትር ያህል ዘርግታችሁ 145.800 ላይ ጠብቁ፤ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሲያልፍ ጠፈርተኞች ከትምህርት ቤቶች ጋር የሚያወሩበት ድግግሞሽ ነው። አንድ ማለፍ ቢበዛ 10 ደቂቃ ገደማ ነው። ጣቢያው ሲመጣ ድግግሞሹ 3 ኪሎኸርዝ ተኩል ያህል ከፍ ብሎ ይጀምርና ሲርቅ ያንኑ ያህል ዝቅ ይላል። ስክሪኑ ላይ የተጠማዘዘ መስመር ይስላል። የዶፕለርን ነገር፣ የሚንቀሳቀስ ምንጭ ድግግሞሽ ሲቀርብ ከፍ ሲርቅ ዝቅ ማለቱን፣ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ሥዕል አላየሁም።

ለአጭር ሞገድ ግን ያ ዳይፖል ዋጋ የለውም። እቅጩን ልንገራችሁ፦ ቪ4ን ገዝቶ ያንን አንቴና ጠረጴዛ ላይ አቁሞ "አጭር ሞገድ አትሰማም" ብሎ የሚያማ ሰው ዕቃዋን በድሏታል። 10 ሜትር ያህል ሽቦ ከቤት ውጭ ወጥሩ። ከኮምፒውተሩ፣ ከቻርጀሩና ከኤልኢዲ መብራቱ አርቁት። የላፕቶፕ ቻርጀር ንቀሉና ዋተርፎሉን እዩ፤ ግማሹ ጫጫታ ከራሳችሁ ቤት እንደነበር ትደነቃላችሁ።

የዕቃዋ የራሷ ድክመት ሌላ ነው። ሞገዱን የምትለካው በ8 ቢት፣ ማለትም በ256 ደረጃ ብቻ ነው። በአጠገባችሁ ኃይለኛ ማሰራጫ ካለ ደካማውን ከኃይለኛው ጋር ባንድነት መያዝ ያቅታታል። ያኔ ኤፍኤም ሙዚቃ በማይጠበቅበት ድግግሞሽ ይዘፍናል። ጌይን የሚለውን፣ የተቀበለችውን ሞገድ የሚያጎላውን ቁልፍ እስከ ጥግ የሚገፋ ሰው ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ጫጫታው ከፍ ማለት ሲጀምር፣ ጣቢያው ግን ከፍ ካላለ፣ እዚያው አቁሙ፤ እንዲያውም ትንሽ መልሱ። ኤፍኤሙን የሚያግድ ማጣሪያ ብትጨምሩ ለውጡ ይታያል። ብዙ ለምትሰሙ ግን 12 ወይም 14 ቢት ያላቸው ወንድሞቿ የተሻሉ ናቸው፤ ይህን ክጄ አላሞግሳትም።

ምንም ሳይገዙ መሞከርም ይቻላል። የኔዘርላንዱ ትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ ከዜሮ እስከ 29 ሜጋኸርዝ የሚሰማ መቀበያውን በብራውዘር ለዓለም ከፍቷል። ከዚያ ጀምሩ ብዬ እመክራለሁ። የማይሰጣችሁ አንድ ነገር ነው፦ የምትሰሙት የሰው አንቴና ነው። ከራሳችሁ ጣሪያ ምን እንደሚገባ፣ የጎረቤት ምን እንደሚረብሽ አይነግራችሁም። ነገ ስታስተላልፉ የምትኖሩት ደግሞ ከዚያ ጋር ነው።

እሷ ማስተላለፍ እንደማትችል ግልጽ ይሁን። ለማውራት ፈተናና ፈቃድ፣ የጥሪ ስምም ያስፈልጋል። ምን መስማት እንደሚፈቀድም አገር ከአገር ይለያያል፤ ጠይቁ። ፈቃዱን ካወጣችሁ በኋላም አትጣሏት። የራሳችሁን ድምፅ በዝቅተኛ ኃይል፣ የእሷን አንቴና ነቅላችሁም እንኳ፣ እሷ ላይ ብታዩት ስፋቱ ትክክል መሆኑን፣ ማይክራፎኑ ከልክ በላይ መጮኹን ወዲያው ታውቃላችሁ። አንድ ነገር ብቻ ጠብቁ፦ ማስተላለፊያው ሲሠራ የእሷ አንቴና አጠገቡ ከሆነ ልትቃጠል ትችላለች።

በአቅራቢያው ሞቅ ያለ ሪፒተርና የሚያወራው ክበብ ያለው ሰው የእጅ ሬዲዮውን ይግዛ፤ አልቃወምም። ኮምፒውተር የሌለው በአንድሮይድ ስልክና በማገናኛ ገመድ ይሠራል፤ ስክሪኑ ግን ይጠባል። የቀድሞዋን ቪ3 የሚያበድራችሁ ሰው ካገኛችሁም ተቀበሉት። አጭር ሞገድ የምትሰማበት ዘዴ ከቪ4 ይለያል። በ14.4 ሜጋኸርዝ ዙሪያ የላዩ ወደ ታች፣ የታቹ ወደ ላይ እንደ መስታወት ይንጸባረቃል። 14.7 ላይ ያለ ጣቢያ 14.1 ላይ ቢሰማችሁ ቢከን አገኘሁ ብላችሁ አትጻፉ።