እማዬን ከአልጋ ላስነሳችልኝ ፊዚዮቴራፒስት

ይህን ምስጋና ያዘገየሁት እማዬ ያለ ከዘራ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ እስክትመለስ ስጠብቅ ነው። ባለፈው እሑድ ሄዳ ተመለሰች።

እማዬ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤት የምታስረክብ ሴት ናት። ታኅሣሥ ላይ ጎንበስ ብላ የሊጥ ባልዲ ስታነሳ ወገቧ ቋ አለ። በማግስቱ ህመሙ በመቀመጫዋና በጭኗ ጀርባ ወርዶ፣ ባቷን አልፎ፣ ትንሿ የእግሯ ጣት ድረስ ደረሰ። ስታስል እንኳ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራታል። ኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ የሚያሳይ ምርመራ) ተነስታ "ዲስክ ተንሸራቷል"፣ ማለትም በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለው ትራስ ቦታውን ለቋል፣ ሲሏት እሷ የሰማችው "ሽባ ትሆኛለሽ" የሚለውን ነው። ሦስት ሳምንት ከአልጋ አልወረደችም። ጎረቤት ወጌሻ ይያት ይላል፣ ዘመድ ቶሎ ኦፕራሲዮን ትሁን ይላል፤ እኔ ገንዘብ ከየት እንደማመጣ ሳስብ አድራለሁ።

የሥራ ባልደረባዬ የጠቆመችኝ ፊዚዮቴራፒስት፣ ማለትም በእንቅስቃሴ የምታክም ባለሙያ፣ ቤት ድረስ መጣች። እማዬን ከመንካቷ በፊት ብዙ ጠየቀቻት። "ሽንት እምቢ ይልዎታል? ወይስ ሳያውቁት ያመልጥዎታል? በመቀመጫዎና በጭንዎ መሃል ይደነዝዝዎታል?" ከነዚህ አንዱ ቢኖር ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል እንደምትልካት ነገረችን። እባካችሁ ይህን ያዙልኝ፤ እግር እየሰነፈ ከሄደም እንዲሁ ነው፣ አንድ ሌሊት አይታደርም።

ከዚያ እንዲህ ብላ አስረዳቻት፦ "እናቴ፣ ዲስክ ከቦታው ተንሸራቶ አይሄድም፤ ከላይና ከታች ካሉት አጥንቶች ጋር የተጣበቀ ነው። ዙሪያው ጠንካራ፣ መሃሉ ግን እንደ ገንፎ ለስላሳ ነው። ዙሪያው ሲሰነጠቅ ገንፎው ወጣ ብሎ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ይነካል። እግርዎ ሳይጎዳ የሚያምዎት ለዚህ ነው። የወጣውንም ብዙ ጊዜ ሰውነት ራሱ ቀስ በቀስ ይመጥጠዋል።" አብዛኛው ሰው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ያለ ቀዶ ጥገና እንደሚሻለው ነገረችን። ምንም የማያማቸው ብዙ ሰዎች እንኳ ኤምአርአይ ቢነሱ ዲስካቸው ወጣ ብሎ ይታያል አለች። እማዬ ያን ቀን ማታ ራሷ ተነስታ ቡና አፈላች። ገና ምንም ሕክምና አልተጀመረም ነበር።

በሆድ ተኝቶ በክንድ ቀና ማለትን አስተማረቻት፤ ጠዋትና ማታ ደግሞ በ5 ደቂቃ የጀመረ እርምጃ። ህመሙ ባቷን ለቆ ወገቧ ላይ ሲሰበሰብ እኛ ባሰባት ብለን ደነገጥን። ፊዚዮቴራፒስቷ ግን ከእግር ወደ ላይ መሰብሰቡ ደግ ምልክት ነው አለችን፣ እንዳለችውም ሆነ። በጣም የነካኝ ግን አንድ ቀን ማዕድ ቤት ገብታ እማዬ እንዴት እንደምትሠራ ቆማ ማየቷ ነው። አሁን ባልዲው በግማሽ ይሞላል፣ የሚቀመጠው መሬት ላይ ሳይሆን ዱካ ላይ ነው፤ እማዬም ጉልበቷን አጥፋ፣ ወደ ሆዷ አስጠግታ ታነሳዋለች።

ኦፕራሲዮን የሚያስፈልገው ሰው አለ፤ እሷም ይህን አልደበቀችንም። እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ስልክ የምታነሳው ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ ነው። ኤምአርአይ ያላችሁ ይዛችሁ ቅረቡ፤ የሌላችሁ ግን እሷ ሳታያችሁ ኤምአርአይ ለመነሳት አትቸኩሉ።