ፊልም ወይስ ጎዳና? የፊሊፒንስ የተቃውሞ ጥበብ

የፊሊፒንሱ የፊልም ዳይሬክተር ሊኖ ብሮካ ለተቃውሞው ፊልምን መረጠ። በ1975 እ.ኤ.አ.፣ በፕሬዚዳንት ፈርዲናንድ ማርኮስ አምባገነን አገዛዝ ዘመን፣ የማኒላን የግንባታ ሠራተኞች መከራ በፊልም አሳየ። በ1984 ሌላ ፊልሙ በፈረንሳዩ የካን ፊልም ፌስቲቫል ላይ ተወዳደረ፤ ታሪኩ ኑሮ ስላንገላታው የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነው። በ1985 የጂፕኒ (የሕዝብ ማመላለሻ መኪና) ሾፌሮችን አድማ ደገፈና ታሰረ። ከካሜራ ጀርባ ብቻ የሚቆም ሰው አልነበረም።

ሌሎች ጎዳናውን መረጡ። ፕሬዚዳንቱ በሐምሌ ዓመታዊ ንግግሩን ሲያደርግ እሱን የሚመስል ግዙፍ አሻንጉሊት ሠርተው ይወጣሉ፤ ብዙ ጊዜም ሰልፉ ላይ ያቃጥሉታል። ይሄ ፈጣን ነው። ትኬት የለው፣ የሳንሱር ፈቃድ የለው፣ መንገደኛው ሁሉ ያየዋል።

እኔ ግን ወደ ፊልሙ አደላለሁ። ጎዳናው የገዢውን ፊት ያሳየናል። ብሮካ የሠራተኛውን ፊት አሳየን፤ ያም ፊት ዛሬም ድረስ ይታያል።