የእናቴን የእጅ ጽሑፍ ክንዴ ላይ ላኖረችልኝ ባለሙያ

ይህን ምስጋና ለመጻፍ ሦስት ወር ጠብቄያለሁ። ሆን ብዬ ነው። ታቱ በተሠራበት ቀን ሁሉም ያምራል፤ ትክክለኛ መልኩ የሚታየው ቁስሉ ሲድን ነው። አሁን ድኗልና አፌን ሞልቼ እናገራለሁ።

ክንዴ ላይ ያለው አንድ ቃል ነው፦ «አይዞሽ»። እናቴ ከዓመታት በፊት በሰጠችኝ ፎቶ ጀርባ ላይ በእጇ የጻፈችው። ዛሬ እናቴ በሕይወት የለችም። ባለሙያዋ ጽሑፉን ላሳምረው አላለችም። ዘመም ያለውን «አ» እንደዘመመ፣ የ«ዞ»ን ትንሽ ቀለበት እንዳለች አሰፈረችልኝ። መርፌውን ከነማሸጊያው አሳይታኝ ዓይኔ እያየ ነው የከፈተችው። ስልክ በነካች ቁጥር ጓንቷን ትቀይራለች።

እኔን የማረከኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ ትከሻዬን ተነቅሼ ነበር። «ቅባት ቀቢው» ተብዬ ወጣሁ፤ በቃ። እኔም የበዛ የሚጠቅም መስሎኝ በቀን አሥር ጊዜ አወፍሬ እቀባው ነበር። ቅርፊቱ እየረጠበ ያለጊዜው ተነሳ፤ ቀለሙንም ይዞት ሄደ። እስከ ዛሬ ቦታ ቦታው ገርጥቷል።

እሷ ሥራዋን እንደጨረሰች አልሸኘችኝም። «ይሄ ቁስል ነው፤ እንደ ቁስል ያዢው» ብላ አስቀመጠችኝ። ከዚያ የስንዴ ፍሬ የምታክል ቅባት ጣቷ ላይ አደረገች። በሁለት ጣቷ አሸት አሸት አድርጋ አሞቀችና በራሷ እጅ ጀርባ ላይ ቀባችው። «ወዝ ካለው በቂ ነው። ካብለጨለጨ በዝቷል፤ ትርፉን በሶፍት አንሺው» አለችኝ። ትከሻዬን ያበላሸው ነገር የገባኝ ያኔ ነው።

አስተጣጠቡንም አሳየችኝ። መጀመሪያ እጄን በሳሙና፤ ከዚያ ታቱውን ለብ ባለ ውሃና ሽታ በሌለው ሳሙና፣ በመዳፍ ብቻ። ስፖንጅ የለም። ፎጣም የለም፤ ጀርም ይይዛል፣ ክሩም ይጣበቃል። በንጹሕ ሶፍት ጫን ጫን አድርጎ ማድረቅ ነው። አልኮል ደግሞ ቆዳውን ስለሚያደርቀውና ስለሚያቃጥለው ጭራሽ አይነካውም።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ስነቃ አንሶላዬ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ልጣጭ አየሁ። ልቤ ቀጥ አለ። የእናቴ ጽሑፍ እየረገፈ መሰለኝ። ፎቶ አንስቼ ላኩላት። ብዙም ሳትቆይ መለሰችልኝ፦ «አይዞሽ፣ የሚላጠው የላይኛው ቆዳ ነው። ቀለሙ ያለው ከሱ ሥር ነው። ሲያሳክክሽ በመዳፍሽ ጫን በዪው እንጂ ጥፍርሽን አታስጠጊ።» ያን ቃል ስትጽፍልኝ አስባበት ይሁን ሳታስበው አልጠየቅኳትም። አለቀስኩ።

የበለጠ ያከበርኳት ግን የሥራዋን ወሰን በማወቋ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት መቅላትና ትንሽ ፈሳሽ ያለ ነገር ነው ብላኛለች። «መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ ካተኮሰ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ከተሰማሽ ግን ለኔ ፎቶ አትላኪ። ቀጥታ ሐኪም ጋ ሂጂ» አለችኝ። ደንበኛዋን እንዲህ የምትል ባለሙያ ታምኛለሽ ወይ ብትሉኝ፣ ዓይኔን ጨፍኜ!

ዋና እወዳለሁ፤ እሱን ለአንድ ወር አስተወችኝ። ሻወር ይቻላል፤ መነከር ነው ክልክሉ። ከፀሐይ በሰፊ የጥጥ እጅጌ ተሸፍኜ ከረምኩ። የፀሐይ መከላከያ ክሬም የጀመርኩት ቆዳዬ ሙሉ በሙሉ ከገጠመ በኋላ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ታቱው ጭጋግ የለበሰ ይመስል ነበር፤ እሱንም ቀድማ ስለነገረችኝ አልደነገጥኩም። ላይ ላዩ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይድናል፤ ውስጡ ግን ወራት ይፈልጋል።

ባለፈው ሳምንት ልታየው ጠርታኝ ሄድኩ። ክንዴን ወደ መብራቱ አዙራ መጀመሪያ ያየችው የ«ዞ»ን ቀለበት ነው። መሃሏ ንጹሕ ነው፤ ቀለም አልሞላትም። እናቴ እንደጻፈቻት ናት።

እጅሽ ይባረክ፣ እህቴ። ታቱ ለመሠራት የምታስቡ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቅዳልኛለችና አድራሻዋን እሰጣችኋለሁ። ቀጠሮ ስትይዙ ከሥራው በኋላ ለማስረዳት የምትወስደውን ጊዜም አስቡበት፤ ተጣድፋችሁ አትሂዱባት።