ለልጄ እንቅልፏን ለመለሱላት ሲስተር

ይህን የምጽፈው በአለርት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል የሚያገለግሉ አንዲት ነርስን በአደባባይ ለማመስገን፣ በችፌ የሚሠቃይ ልጅ ላላቸው ወላጆችም ጥቆማ ለመስጠት ነው። ስማቸውን ሳላስፈቅዳቸው መጻፍ ስላልወደድሁ ሲስተር ብቻ እላቸዋለሁ።

የአራት ዓመት ልጄን ችፌ የጀመራት በስድስት ወሯ ነው። በመጀመሪያ ጉንጮቿን፣ ኋላም የክርኗንና የጉልበቷን መታጠፊያ ይዞ ሌሊት ሲያሳክካት አንሶላዋ ደም ነክቶት ያድር ነበር። በእጆቿ ላይ ካልሲ አጥልቀን ብናስተኛትም በጥርሷ አውልቃ ታክከው ነበር። ያላንኳኳነው በር አልነበረም። አንዱ ፈንገስ ነው ብሎ ለወራት መድኃኒት አስዋጣት፤ ሌላው ወተት፣ እንቁላልና ስንዴ በአንድ ጊዜ ከልክሎ አከሳት። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ምንነቱ ያልተጻፈበት ቅባት በውድ ዋጋ የሸጡልን ሰዎች ናቸው፤ ሳምንት አሻላትና ስናቆም ከቀድሞው ብሶ ሲመለስ "አቀባባችሁ ነው" ብለው አመናጭቀው መለሱን።

አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምና የተቋቋመ በመሆኑ ስሙን የሚፈሩ አሉ፤ እኔም ፈርቼ ነበር። ወደዚያ በሄድንበት ዕለት ታክሲ ውስጥ አጠገባችን የተቀመጠች ሴት የልጄን ክንድ አይታ ልብሷን ሰብስባ ስለነበር፣ ልጄ ወደ ሕክምና ክፍሉ የገባችው እጅጌዋን እስከ ጣቶቿ ጎትታ ነው። ሲስተር እጃቸውን ታጥበው፣ ያንን የተሰነጣጠቀ ክንድ ያለ ጓንት በሁለት እጃቸው ያዙና "የኔ ቆንጆ፣ ይሄ እኮ ወደ ሰው አይተላለፍም" አሏት። ከቤተሰብ ውጪ ልጄን እንዲያ አድርጎ የያዛት ሰው አላስታውስም።

ሐኪሙ ያዘዙትን ቅባት ስም ዛሬም በትክክል መጥራት አልችልም። ሲስተር ግን ከጠቋሚ ጣታቸው ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ድረስ አወጡና፣ ያቺ ልክ ጣቶቹን ጨምሮ ሁለት የአዋቂ መዳፍ ለሚያህል ቆዳ እንደምትበቃ ቀብተው አሳዩን። ቀጥለውም "በይ አሁን አንቺ ቀቢያት" አሉኝ፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ሳበዛው ሳይቆጡ ጠርገው እንደገና አስጀመሩኝ። ለብ ባለ ውሃ ቶሎ አጥበን፣ በፎጣ ሳንፈትግ፣ ቆዳዋ እርጥብ እያለ ሽታ የሌለው ቫዝሊን እንድንቀባትና ደህና በሆነችበት ቀንም እንዳናቋርጥ አጥብቀው ነገሩን። የሚመለስ ሕመም መሆኑንም አልደበቁንም።

በሦስተኛው ሳምንት ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ተኛች፤ እኔ ግን ዝምታውን ስላልለመድሁት እየተነሣሁ ትንፋሿን አዳመጥሁ። የኅዳርና የታኅሣሥ ደረቅ ብርድ ሲመጣ አሁንም ይቀሰቀስባታል፤ ነገር ግን ምን ማድረግ እንዳለብን እናውቃለን።

ወላጆች ሆይ፣ ምንነቱ ያልታወቀ ቅባት ገዝታችሁ ከመቀባታችሁ በፊት እባካችሁ አለርት ወዳለበት፣ አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ድረስ ሄዳችሁ ልጃችሁን አሳዩ፤ ደግሜ እላለሁ፣ አሳዩ። ሲስተር፣ ይህ ጽሑፍ ከደረሰዎት፣ ልጄ ዘንድሮ መዋዕለ ሕፃናት የገባችው እጅጌው አጭር የሆነ ቀሚስ መርጣ ለብሳ መሆኑን እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።